ቃል ሲነጥፍ

ጊዜው ወርኃ ጽጌ፣ ቦታው የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጽር ግቢ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሰዎች ከጥዶቹ ሥር ተቀምጠዋል። አንዷ ለሰንበት ትምህርት ቤት መጽሔትና ለመንፈሳዊ ጉባኤያት ስትጽፍ የኖረች፣ ካለፈው ዐቢይ ጾም ወዲህ ግን ብዕሯ አልታዘዝ ያላት ጸሐፊ ናት። ሌላው የወገራ ተወላጅ፣ ዕድሜያቸውን በቅኔ ቤት ያሳለፉ መምህር ናቸው።

ጸሐፊዋ፦ የኔታ፣ ዛሬ የመጣሁት ለሰላምታ ብቻ አይደለም። መጻፍ አቅቶኛል። "በስመ አብ" ብዬ እጀምራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚረባ ነገር አይመጣም። አንድ ገጽ ሞላሁ ስል መልሼ ሳነበው ወይ እኔ ከዚህ በፊት ያልኩት ነው፣ ወይ ሌላ ሰው ያለው ነው። ሰው "ምነው ጠፋሽ?" ሲለኝ "ሥራ በዝቶብኝ" እላለሁ። ለእርስዎ ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ እግዚአብሔር ጸጋውን የወሰደብኝ ይመስለኛል።

የኔታ፦ ከቃሉ መጥፋት ይልቅ ይህ የመጨረሻው ንግግርሽ አሳሰበኝ ልጄ። የማይነጥፍ ጸሐፊ የለም። ሌላው ጸሐፊ ሲነጥፍ "ደከመኝ" ብሎ ያርፍና ይመለሳል። ክርስቲያን ጸሐፊ ግን በድካሙ ላይ ፍርድ ይጨምርበታል፤ "ተጥያለሁ" ይላል። አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል፤ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ይከብዳል። ስለ ነፍስሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። እኔና አንቺ ስለ ሥራው እንነጋገር።

ጸሐፊዋ፦ ሁለቱ ይለያያሉ እንዴ? መንፈሳዊ ጽሑፍ ከጸሎት የሚወጣ አይደለም? ቅዱሳኑን ያስቧቸው። ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ኮበለለ፤ በኋላ ዜማው ከሰማይ ተገለጠለት። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ለዓመታት ፊደል አልያዝለት ብሎ ሲያለቅስ እመቤታችን ጽዋዐ ልቡና አጠጣችው። አባ ሕርያቆስን "ትምህርት የለውም" ብለው ሲንቁት ቅዳሴ ማርያም ተገለጠለት። ሁሉም ተሰጣቸው እንጂ ታግለው አላመጡትም። እኔም እየጠበቅሁ ነው።

የኔታ፦ ታሪኩን በደንብ ይዘሽዋል፤ አንድ ነገር ግን ዘለልሽ። ጸጋው ሲመጣ እነዚህ ሰዎች የት ነበሩ? አባ ጊዮርጊስ ሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርቱ አልገባው ሲል ገዳሙን ጥሎ አልሄደም። ወፍጮ ቤት ነበር፤ ለወንድሞቹ እህል ይፈጭ ነበር። በኋላ መጽሐፈ ምሥጢርን፣ ሰዓታቱንና አርጋኖኑን የጻፈው እጅ አስቀድሞ መጅ የገፋ እጅ ነው። አባ ሕርያቆስም ሰው ናቀኝ ብሎ ቅዳሴውን አልተወም፤ ቃሉ የተገለጠለት መሠዊያው ፊት ቆሞ ነው። የያሬድን ነገር ሰው ሁሉ ሲተርክ ማይ ኪራህ ላይ ያየውን ትል ያነሣል፤ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉን ወጣ ይላል። ያሬድ ትሉን አይቶ ምን እንዳደረገ የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። ተመለሰ። ወደ ገረፉት መምህር፣ ወደ አጎቱ ወደ አባ ጌዴዎን ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ። ሦስቱንም ጸጋ ያገኛቸው በተራቸው ላይ ነው። አንቺ ግን ከተራሽ ወጥተሽ ነው የምትጠብቂው።

ጸሐፊዋ፦ እንዴት ወጣሁ የኔታ? ወረቀቱ ፊት መቀመጡን አልተውኩም እኮ።

የኔታ፦ ተቀምጠሽ ምን ትጠብቂያለሽ?

ጸሐፊዋ፦ ያንን ሙቀት። ድሮ አንድ ሐሳብ ሲመጣልኝ ልቤ ይነካል፣ እንባዬ ይመጣል፤ ከዚያ ብዕሩ ራሱ ይሄድ ነበር። አሁን ያ ስሜት የለም። ሳይሰማኝ ብጽፍ ደግሞ ግብዝነት ይሆንብኛል።

የኔታ፦ ቆይ፣ እንቅልፍሽስ እንዴት ነው?

ጸሐፊዋ፦ ቀን ሥራ ላይ ነኝ። ለመጻፍ የምቀመጠው ማታ ቤተ ሰቡ ሲተኛ ነው። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቁጭ የምልበት ጊዜ ብዙ ነው።

የኔታ፦ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በረሃ ላይ ከዛፍ ሥር ወድቆ ነፍሱን እንዲወስዳት ሲለምን እግዚአብሔር መጀመሪያ የሰጠው ቃል አይደለም። እንጎቻና ውኃ ነው። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። መልአኩ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። ቃሉ የመጣለት ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ደርሶ ነው። ነቢዩን አብልቶ ያስተኛ አምላክ አንቺን ሳትተኚ አይፈልግሽም። በሌሊት የደከመ አእምሮ ላይ ተቀምጠሽ "ጸጋዬ ተወሰደ" ብለሽ አትፍረጂ። ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጸሐፊዋ፦ እሺ። የስሜቱ ነገርስ?

የኔታ፦ በቅኔ ቤት ማንም ተማሪ "ልብህ ተነክቷል ወይ?" ተብሎ አይጠየቅም። ቀን ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማታ ይነግራል። በማኅሌትም እንዲሁ ነው። በዓሉ ይመጣል፣ ተራው ይደርስሻል፣ ቅኔውን ታቀርቢያለሽ። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ስለዚህ ካለፈው በዓል ያተረፍሽው ነገር አያድንሽም። ቅዱስ ያሬድስ ድጓውን እንዴት አድርጎ ነው የሠራው? ከዮሐንስ እስከ አስተምህሮ፣ ከአስተምህሮ እስከ ፋሲካ፣ ከፋሲካ እስከ ዮሐንስ፣ ዓመቱን ሙሉ ለየበዓሉ የሚገባውን እያከፋፈለ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቃልን ለቀን ሰጥታዋለች። ቃሉ የአንቺ አይደለም፤ ተራሽ ግን የአንቺ ነው።

ጸሐፊዋ፦ ይህ ለበሰለ ባለ ቅኔ ይሆናል። ጀማሪው ቃል ሲያጣ ምን ያደርጋል?

የኔታ፦ ወደ ትንሹ ይመለሳል። ቅኔ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት። ከዚያ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ሦስት ሦስት ቤት፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴና ዘይእዜ ስድስት ስድስት፣ መወድስ ስምንት ቤት እያለ ይሄዳል። መወድስ እምቢ ያለው ተማሪ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ጉባኤ ቃናውን ይቆጥራል። ሁለት ቤት ናት ተብላ ግን አትናቅም። ሰሙም፣ ወርቁም፣ አገባቡም፣ ዜማ ልኩም ተሟልቶ መገኘት አለበት። አንቺ ብዕርሽ የቆመው ምን ስትጽፊ ነው?

ጸሐፊዋ፦ ስለ መከራ። ክርስቲያን መከራን እንዴት ይቀበላል የሚል፣ በየወሩ የሚወጣ ተከታታይ ጽሑፍ ነበር። ሲያልቅ መጽሐፍ እንዲሆን አስቤ ነበር።

የኔታ፦ በደከመሽ ሰዓት የጀመርሽው ከመወድስም የሚረዝመውን ነው። ወደዚህ ቤተ መቅደስ ስትገቢ ጣሪያውን ቀና ብለሽ እዪው። የመላእክቱ ፊት በተራ በተራ ተደርድሯል፤ ክንፉ፣ ዓይኑ፣ ቅንድቡ። ሠዓሊው አንዱን ፊት ጨርሶ ነው ወደሚቀጥለው የሄደው። አንቺም በቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ሁለቱ ግን ተስተካክለው የሚቆሙ ይሁኑ። ሦስተኛው ቢመጣ ደስ ይበልሽ፤ ባይመጣ የዕለቱን አድርሰሻል።

ጸሐፊዋ፦ ሁለቱንም እኮ እሰርዛቸዋለሁ። ችግሬ እዚያ ላይ ነው። ዛሬ የተጻፈ ነገር በስልክ በደቂቃ ውስጥ አገር ያዳርሳል። ስለ እግዚአብሔር ስጽፍ አንድ ቃል ቢዛነፍብኝ "ኑፋቄ ነው" የሚል አይጠፋም። ልክ ሲሆን ደግሞ ምስጋናው ይጎርፋል፤ ምስጋናውን ለመድሁና ካለፈው ያነሰ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርሰው ያ ሁሉ ሰው ክፍሉ ውስጥ የገባ ይመስለኛል።

የኔታ፦ ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ስለ እግዚአብሔር እየጻፈ የማይፈራ ሰው እኔን ያስፈራኛል። ፍርሃትሽ ግን ሰዓቱን ስቷል። መፍራት የሚገባው ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ አንቺ የፈራሽው ከመጻፍሽ በፊት ነው። የእኛን ነገር ልንገርሽ። ጠዋት ለቆጠራ ወደ ጫካ እንወጣለን። እያንዳንዱ ተማሪ ደበሎውን ተከናንቦ ከአንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ወረቀት የለም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቱ ቤቱን ይቆጥራል። አንድ ቃል ያነሣል፣ ይጥላል፤ ሰሙ ሲገኝ ወርቁ ይጠፋበታል፣ ወርቁ ሲገኝ አገባቡ ይሰበርበታል። ሲመሽ ለአስነጋሪው ይነግራል። አስነጋሪው "ይህች ቃል ከየት መጣች? ይህን ሰም ይህ ወርቅ አይሸከመውም" ይለዋል። ከዚያ መምህሩ ያቀኑለታል። ቅኔው ተቃንቶ ሲወጣ የተማሪው ድርሻ ግማሽ የማይሞላበት ጊዜ አለ። በዚያ የሚያፍር የለም። ማኅሌት ላይ በሕዝብ ፊት የሚቆመው እንዲህ በሦስት ጆሮ ካለፈ በኋላ ነው። አንቺ በራስሽና በሺህ ሰው መካከል ያስቀመጥሽው ማን አለ?

ጸሐፊዋ፦ ማንም።

የኔታ፦ እንግዲያው አስነጋሪ ያዢ። አንዱ ትምህርተ ሃይማኖቱን የሚያይልሽ መምህር ይሁን። ሌላዋ ድምፅሽን አውጥተሽ የምታነቢላት፣ ያልገባትን "አልገባኝም" የምትልሽ ጓደኛ ትሁን። እንዲህ ካደረግሽ ስትጽፊ ክፍሉ ውስጥ ያለሽው አንቺና እግዚአብሔር ብቻ ትሆናላችሁ። ስለ ምስጋናው ያልሽውን ደግሞ ከያሬድ ተማሪ። ዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም አልሰሙም ይባላል። በዚያ ክብር ላይ ሳለ ነው አደባባዩን ትቶ ወደ ሰሜን ተራራ የገባው። እዚያ፣ በዚያ ብርድ እያስተማረ ኖሮ እዚያው ተሰወረ፤ ግንቦት 11 ቀን እናስበዋለን። ከራስ ደጀን አጠገብ ካሉት ተራሮች አንዱ እስከ ዛሬ አባ ያሬድ ይባላል። ከንጉሥ ምስጋና ርቆ የሚሠራ ሰው ቃሉ አይነጥፍም።

ጸሐፊዋ፦ እርስዎ የሚሉት ሁሉ ቅኔ ቤት ለገባ ሰው ነው። እኔ ሴት ነኝ፤ ያ በር ለእኔ ክፍት አልነበረም።

የኔታ፦ ለብዙዎች ክፍት አልነበረም፤ ሊባል የሚገባው እውነት ነው። ነገር ግን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አስቢ። ዓይነ ሥውር ነበሩ። ጎጃም ላይ ጉባኤ ዘርግተው ለወንዶቹ ቅኔ አስተምረዋል። አንድ መስመር በዓይናቸው ሳያነቡ ያን ሁሉ ያስተማሩት ምን ይዘው ይመስልሻል? በቃላቸው የያዙትን ነው። እስቲ አንቺን ልጠይቅሽ፤ ምን ትደግሚያለሽ?

ጸሐፊዋ፦ ዳዊት ድሮ እደግም ነበር። አሁን የማነበው ለምጽፈው ነገር ጥቅስ ስፈልግ ነው።

የኔታ፦ የነጠፍሽበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እኛ ወገራ ላይ ላም ስትነጥፍ አንደበድባትም፤ እንቀልባታለን። አንቺ ሳትበይ ነው የታለብሽው። ጥቅስ ለመፈለግ ብቻ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው የሚያውቀውን ነው፤ ለዚህ ነው ጽሑፍሽ የተደጋገመብሽ። ይህችን ከተማ እዪ። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አድባራት መጻሕፍት ወደ መቅደላ አስወሰዷቸው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ እንግሊዞች ከዚያ ክምችት ከ300 በላይ ብራና ወደ አገራቸው አሻገሩ። ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ገባና አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ይህች ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ናት። መጽሐፉ ሄደ፣ ጣሪያው ነደደ። ጉባኤው ግን አልተፈታም። አቋቋም የሚማር ሰው ምስክር ለመሆን ዛሬም ጎንደር በዓታ ይመጣል። ሊቃውንቱ ዳዊቱንም ድጓውንም በልባቸው ይዘውት ስለነበር እሳት አላገኘውም። ጠዋት ጠዋት ዳዊትሽን ድገሚ፤ ለጽሑፍ ብለሽ ሳይሆን ለራስሽ። የሚቀመጠው ይቀመጣል፤ በሰዓቱ ይወጣል።

ጸሐፊዋ፦ የኔታ፣ እስካሁን ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ከዳባት ተፈናቅለው እዚህ ከተማ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መውጫ ጦርነቱ ጭና ድረስ ደርሶ ያ ሁሉ ሰላማዊ ሰው ሲያልቅ በሕይወት ተርፈዋል። በኋላ በመጣው ግጭት ግን አንድ ልጃቸው ሞተባቸው። "አንቺ ትጽፊያለሽ አሉ፤ ለልጄ ሙት ዓመት የሚነበብ ነገር ጻፊልኝ" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ያን ቀን ማታ ተቀመጥሁ፤ አንድ ቃል አልወጣም። "እግዚአብሔር ያውቃል" ልበል? እሳቸውም ያውቁታል። ተከታታዩም ጽሑፍ የቆመው ያኔ ነው። ስለ መከራ ያነበብኩት ሁሉ እሳቸው ፊት ሲቀርብ ያንስብኛል።

የኔታ፦ ይህን አስቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ስለ ጉባኤ ቃና ባልለፈለፍሁ። ይህ ዝምታ ከሌላው ይለያል። የኢዮብ ወዳጆች መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጥሩ ሥራቸው ያ ነበር። የሳቱት መናገር ሲጀምሩ ነው፤ የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት ሲሞክሩ። አንቺን ዝም ያሰኘሽ ፍቅር ነው፤ በዚያች እናት ላይ ትምህርት ለመጫን ልብሽ እምቢ አለ። ይህን የጸጋ መወሰድ አትበይው፤ የጸጋ ሥራ ነው።

ጸሐፊዋ፦ ግን ጻፊልኝ ብለውኛል። ዝም ብዬ እንዴት እዘልቃለሁ?

የኔታ፦ አትዘልቂም። ለኀዘን የተሠራ መንገድ ስላለ በእሱ ግቢ። ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ስትፈርስ ያለቀሰውን ልቅሶ እዪው። ሰቆቃው አምስት ምዕራፍ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ በዕብራይስጥ ፊደል ተራ የተሰደሩ ናቸው። ከተማ ነድዳ፣ እናቶች በረሃብ ወድቀው፣ ሰውዬው ፊደል እየቆጠረ ያለቅሳል። ለምን ይመስልሻል? ልቅሶው ያለ ሥርዓት ከተለቀቀ ሰውየውን ራሱን ይወስደዋል። ፊደሉ እጁን ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ ያሻግረዋል። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ሃያ ሁለት መሆኑን ሳይለቅ የፊደሉን ተራ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ በቀጥታ ወደ ጸሎት ይገባል። አንቺም ስለ መከራ ትምህርት አትጻፊላቸው። ልጁን ጻፊው። ስሙን፣ የሚወደውን፣ እናቱን ምን ብሎ እንደሚጠራ። ሂጂና ከእሳቸው ስሚ፤ ሲነግሩሽ አትቸኩዪ።

ጸሐፊዋ፦ መጨረሻው ላይ ተስፋ መኖር የለበትም? ክርስቲያናዊ ጽሑፍ ነው እኮ።

የኔታ፦ ሰማንያ ሰባተኛውን መዝሙር ታውቂዋለሽ? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጩኸት ነው፤ በጩኸት ይጀምራል፣ በጨለማ ያልቃል። ቤተ ክርስቲያን ግን ከዳዊት አላወጣችውም። ዛሬም ከሌሎቹ እኩል ይደገማል። ወደ እግዚአብሔር የተጮኸ እስከ ሆነ ድረስ ጩኸቱ ራሱ ሃይማኖት ነው። ያልተሰማሽን ተስፋ በግድ አትለጥፊ፤ ግብዝነት ያልሽው ነገር ያ ነው። እናቲቱ ትንሣኤ ሙታንን ያምናሉ፤ በዕለቱም በጸሎቱ ይሰሙታል። ከአንቺ የፈለጉት ልጃቸው እንዳይረሳ ነው። ደግሞስ አሁን ያለንበት ወር ምንድን ነው? ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ማኅሌተ ጽጌ ስንቆም ከአበባው ጋር ሰቆቃወ ድንግልን እናዜማለን። ልጇን አዝላ የተሰደደች እናት ናት። ከዚያም ኅዳር 6 ቀን እዚሁ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ይከበራል። ሊቃውንቱ አበባውንና ስደቱን አንድ ማኅሌት ላይ አስቀመጧቸው፤ አንዱ ሌላውን አላባረረውም።

ጸሐፊዋ፦ ይህን ሲሉ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ትዝ አሉኝ። ፒያኖ ተጫዋቿ።

የኔታ፦ በስም ነው የማውቃቸው። ንገሪኝ እስቲ።

ጸሐፊዋ፦ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተማሩ፤ በኋላ ካይሮ ሙዚቃ አጠኑ። ለንደን ሄደው እንዲማሩ ዕድል ተገኝቶ ሳለ ተከለከሉ። ኀዘኑ እስከ ሞት አደረሳቸው፤ ምግብ አልቀምስም አሉ። ከዚያ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ፣ መነኮሱ። ዐሥር ዓመት ያህል እዚያ ሲኖሩ ፒያኖ የለም። ሙዚቃቸው ያለቀ መስሎ ነበር። ከዚያ በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊያጠኑ ጎንደር መጡ። እዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ የዜማ ተማሪዎቹን አዩ። ቁራሽ የሚለምኑ፣ ደጅ የሚያድሩ ልጆች። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ በሙዚቃዬ እረዳቸዋለሁ አሉ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኞች እንዲሆን ነበር። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ሙዚቃቸው በዓለም ይሰማ ነበር።

የኔታ፦ ከእነዚያ ልጆች አንዱ እኔ ልሆን እችል ነበር። አኮፋዳዬን አንግቤ፣ ዱላዬን ይዤ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልሁ በየደጁ ቆሜአለሁ። ውሻው ይመጣል፤ ደበሎውን ቀድዶት ይሄዳል። አንዳንዷ እናት ኩርማን እንጀራ ታመጣለች፤ አንዳንዱ ቤት ዝም ይላል። የለመንሁትን ይዤ ስመለስ በመንገድ ላይ የጀመርኳትን ቅኔ እጨርሳለሁ። እና ልጄ፣ አንቺ ራስሽ የተረክሽውን አስተውዪው። እማሆይን ወደ ሙዚቃ የመለሳቸው ምንድን ነው? የድሮው የለንደን ምኞት ነው?

ጸሐፊዋ፦ አይደለም። የልጆቹ ረሃብ ነው።

የኔታ፦ እሱ ነው ዋናው ነገር። ለራሳቸው ክብር የፈለጉት በር ሲዘጋ ለዓመታት ዝም አሉ። በር የተከፈተው ለሌላ ሰው ሲያንኳኩ ነው። አንቺም ስለ መከራ መጽሐፍ ልታወጪ ስትቀመጪ ቃል ራቀሽ። የመከራው ባለቤት ደግሞ ራሷ መጥታ "ጻፊልኝ" ብላሻለች። ቅዱስ ጳውሎስ ከጻፋቸው መልእክታት አንዷ ለፊልሞና የተላከችው ናት፤ አንድ ምዕራፍ፣ 25 ቁጥር። ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አናሲሞስ ብቻ የተጻፈች ናት። ይህን ያህል ዘመን ስትነበብ የኖረችው ለዓለም ሁሉ ልጻፍ ተብላ አይደለም።

ጸሐፊዋ፦ ስለዚህ ተከታታዩን ልተወው?

የኔታ፦ ለጊዜው አቆዪው። ለመጽሔቱ ሰዎች ቁርጡን ንገሪያቸው፤ "ሥራ በዝቶብኝ" አትበዪ፤ "በዚህ ወር የለኝም" በዪ። ክርስቲያን ጸሐፊ ባዶ ገጽ በባዶ ቃል ከሚሞላ ገጹን ቢተወው ይሻላል። የእናቲቱን ግን አታቆዪ። ሙት ዓመቱ መቼ ነው?

ጸሐፊዋ፦ ኅዳር መጀመሪያ ላይ፤ ከቁስቋም በኋላ ባለው ቅዳሜ።

የኔታ፦ ጊዜ አለሽ። በዚህ ሳምንት ሄደሽ ስሚያቸው፤ ብዕር አታውጪ። ከዚያ በቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር። ጠዋት ዳዊትሽን ከደገምሽ በኋላ፣ ሳይደክምሽ። ስታበቂ ለጓደኛሽ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢላት። ከዚያ ለእኔ አምጪው፤ አቀናልሻለሁ። አንድ ገጽ ካለፈ አልቀበልሽም።

ጸሐፊዋ፦ የምጀምርበትን አሁን አገኘሁት መሰለኝ። ልጁ እናቱን "እታለም" ነበር የሚላቸው፤ እሳቸው ነግረውኛል። ከዚያ እጀምራለሁ። ግን የኔታ፣ ይህን ጽፌ እንደገና ብነጥፍስ?

የኔታ፦ ትነጥፊያለሽ። ሰባ ዓመት የተቀኘም ይነጥፋል። ማኅሌት ላይ እኮ ቅኔ የሚያቀርበው ሁሉም አይደለም። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ አንዱ ጸናጽል ይዟል፣ አንዱ ከበሮ ይመታል። ዛሬ ቅኔ ያልመጣለት ሊቅ ከማኅሌቱ አይወጣም፤ የወንድሙን ዜማ እየተቀበለ ያድራል፣ ያም አገልግሎት ተብሎ ይቆጠርለታል። ብዕርሽ ዝም ባለ ጊዜ የሌላውን ጽሑፍ አርሚ፣ ለጀማሪዎቹ አስነጋሪ ሁኚ፣ የታመመ ጠይቂ። ከማኅሌቱ ብቻ አትውጪ። ተራሽ ሲደርስ መሪጌታው እዚያው እንዲያገኝሽ።